የእርሻ መሬታችን ከከተማ ክልል ወጥቶ ወደ ገጠር ወረዳ መመለስ ይችላል?

የመረሬ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሬት አስተዳደር ወይም ከሕግ ጋር የሚሰራ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ። ቤተሰቦቼ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፣ የከተማውንም የቢሮውንም ስም አልጠራም ምክንያቱም ጉዳዩ ገና አላለቀም። መሬቱ መረሬ (ጥቁር አፈር) ነው፣ ጤፍ ስንዴ ሽምብራ ጓያ እያፈራረቅን የምንዘራበት፣ አባቴ ከአያቴ ወርሶት ደብተር የወጣለት። ከተማው ሲሰፋ ቀበሌያችን እንዳለ ተጠቅልሎ ወደ ከተማው ክልል ገባ። ከዛ ወዲህ መሬቱን የነካ የለም፣ መንገድም አልተከፈተም፣ ቧንቧም አልመጣም፣ ዛሬም በሬ ጠምደን ነው የምናርሰው። የተቀየረው ወረቀቱ ብቻ ነው፣ እሱ ግን ሁሉን ነገር አስሮ ያዘው።

አባቴ እድሜው እየገፋ ስለሆነ በሕይወት እያለ መሬቱን ለኔና ለእህቶቼ በስጦታ ላስተላልፍ ብሎ ደብተሩን ይዞ ድሮ የሚያውቀው ወረዳ መሬት ቢሮ ሄደ። "እናንተ አሁን ከተማ ናችሁ፣ ማህደራችሁ ወደዛ ሄዷል" አሉት። ከተማው ጋ ሲሄድ ደግሞ "ይሄ የገጠር ደብተር ነው፣ እኛ በዚህ አንሰራም፣ ለአካባቢው ፕላን እስኪሰራ ጠብቁ"። የከብት በረት ልናድስ ስንል የግንባታ ፈቃድ አምጡ፣ ፈቃዱን ስንጠይቅ ካርታ አምጡ፣ ካርታውን ስንጠይቅ ፕላን የለም። በደብተሩ ብድር ስንጠይቅም እንደዛው። እና ሰው ሲመረው ምን ያደርጋል፣ ደላላው በር ላይ ነው ያለው፣ ጎረቤቶቻችን እየቆራረሱ በመንደር ውል መስጠት ጀምረዋል፣ ይሄ ነው ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ።

በርከት ያልን አባወራዎች ተሰብስበን ከከተማው ክልል አውጡን፣ ወደ ወረዳችን መልሱን፣ የገጠሩ ሕግ ይመለስልን ብለን አቤት ልንል ነው። ጥያቄዬ፣ አንዴ የገባ መሬት መውጣት ይችላል ወይ? የሚወስነውስ ማነው? ከወጣስ የገጠሩ ሕግ በራሱ ጊዜ ይመለሳል ወይስ ሌላ ውሳኔ ይፈልጋል? ደግሞ እንዲህ ብለን መጠየቃችን ነገ ካሳ ሲመጣ ይጎዳናል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

ቱሉ_ዳር

ወንድሜ እኔ በግልጽ ልንገርህ፣ አትውጡ። እኛም ሰፈር ይሄ ነገር ተነስቶ ነበር። ዛሬ ከተማ ውስጥ የገባ መሬት ነገ መንገድ ይመጣለታል መብራት ይመጣለታል ዋጋውም ሌላ ይሆናል። ወደ ገጠር ከተመለሳችሁ ሁሉም የሚረሳችሁ ይመስለኛል። አዲስ አበባ እንደሆነ መስፋቷን አታቆምም፣ ዛሬ ብትወጡ ከጥቂት አመት በኋላ መልሰው ያስገቧችኋል፣ ያኔ ደግሞ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። ታገሱ ነው የምለው፣ ፕላኑ ሲሰራ ልጆቹ ቦታ ይደርሳቸዋል።

ችሎት_አካባቢ

ቱሉ_ዳር ሃሳብህ ከቅን ልብ እንደሆነ ይገባኛል ግን "ዋጋው ሌላ ይሆናል" የሚለው ለገበሬው አይሰራም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው እየተጎዳ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ መንግስት ለልማት ሲወስድ የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለምታጣው ገቢ ነው እንጂ ለመሬቱ የካሬ ዋጋ አይደለም። በአዋጅ 1161/2011 በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘለት ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 3 አመታት ውስጥ ካገኘው የአመት ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። በድሮው በ455/1997 የ5 አመት አማካይ በ10 ነበር፣ ስለዚህ ተሻሽሏል። ግን አስተውል፣ ስሌቱ የሚነሳው ከምርቱ ነው። ሳይታረስ "ልማት ይመጣል" ተብሎ የሚቀመጥ መሬት የሚያስመዘግበው ገቢ የለውም። ስለዚህ የመረሬ ልጅ፣ አቤት ማለታችሁ ብቻውን ካሳ አያሳጣችሁም፣ ማረስ ማቆም ግን ያሳጣችኋል። ምርታችሁን በየአመቱ በቀበሌ እያስመዘገባችሁ ወረቀቱን ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የገጠር መሬት በገጠር መሬት አስተዳደር ሕግ ነው የሚተዳደረው፣ ፌዴራሉ 456/1997 ነበር፣ አሁን በ1324/2016 ተተክቷል፣ ክልሎች ደግሞ የራሳቸውን ያወጣሉ። የገበሬው መብት እዛ ያለ ክፍያ ነው፣ ለቤተሰብ አባል በስጦታም በውርስም ያልፋል፣ አዲሱ አዋጅ ደግሞ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ 721/2004 ነው። እዛ ላይ የከተማ ቦታ ማለት በከተማ አስተዳደር ክልል ውስጥ ያለ ቦታ ነው ይላል፣ ታየ? መስመሩ ተሰመረ ማለት አዋጁ መጣ ማለት ነው፣ መሬቱ ላይ ጤፍ ይኑር ፎቅ አይጠይቅም።

እና እዚህ ጋ አባትህን በጣም አስጠንቅቅ። በ721 ነባር ይዞታ (ከተማው ወደ ሊዝ ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ነው የሚይዘው። ስጦታ ውርስ አይደለም። የእናንተ መሬት እንደ ነባር ይዞታ ይታይ ወይስ እንደ ገጠር ይዞታ ሳይለይ የስጦታ ውል ብትፈርሙ ለልጆቹ መልካም ላድርግ ብሎ የሊዝ ግዴታ ሊያወርሳቸው ይችላል። መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛችሁ በጽሁፍ ይነገራችሁ፣ ውሉ ከዛ በኋላ።

አቤቱታችሁ ላይ የምትጠቅሱት አንድ ነገር ልጨምር። እዛው አዋጅ ላይ የከተማ ማዕከል የሚባለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበት ወይም 2,000 እና ከዛ በላይ ሕዝብ ኖሮት ከሰራተኛው ቢያንስ 50 በመቶው ከግብርና ውጪ በሆነ ስራ የተሰማራበት ቦታ ነው። የእናንተ ቀበሌ ከዘጠና በመቶ በላይ ገበሬ ከሆነ ይሄን በቁጥር አሳዩ። ብቻውን አያሸንፍም፣ ምክንያቱም "ወይም" የሚል አለበት፣ ከተማው ማዘጋጃ ካለው በመጀመሪያው ያልፋል። ግን ውሳኔ ሰጪው ፊት ክብደት አለው።

ካርታና_እርሳስ

እኔ በፕላን ስራ ላይ ነው ያለሁት፣ ከቢሮ በኩል እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ። ሰዎች ሁለት ነገር ያምታታሉ፣ የከተማው ወሰንና የከተማው ፕላን። ወሰን ማለት አስተዳደሩ እስከየት ድረስ ያዛል ነው። ፕላን ማለት በዛ ውስጥ የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለፋብሪካ፣ የትኛው ለአረንጓዴና ለከተማ ግብርና ይሁን የሚለው ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን የሚሰራው ለ10 አመት ነው፣ ከመጽደቁ በፊትም የሕዝብ ውይይት ይደረግበታል። ውይይቱ ላይ ገበሬው ካልመጣ የሚመጣው ማነው? ባለሀብትና ደላላ። ስለዚህ ቱሉ_ዳር ታገሱ ያልከውን እኔ አልስማማበትም፣ ዝም ብለው ከጠበቁ ሽንሸና ተሰርቶ አልቆ ነው የሚሰሙት።

ወሰኑን የሚወስነው ክልሉ ነው። ከተማ ማቋቋም፣ ደረጃ መስጠት፣ ማስፋት ማጥበብ፣ በክልሉ መንግስት በኩል ነው የሚያልቀው፣ ከንቲባው አስተያየት ይሰጣል እንጂ ብቻውን ቆርጦ አያወጣም። ስለዚህ ከተማው ቢሮ በር ላይ ጊዜ አታባክኑ፣ ግልባጭ ለነሱ አድርጉና ዋናውን ወደ ክልል ላኩት።

አንዴ የተሰመረ ወሰን አይንቀሳቀስም የሚሉ አሉ፣ እሱ ደግሞ ትክክል አይደለም። እዚሁ ዙሪያችንን ተመልከቱ። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ሕዝቡን ለተቃውሞ አስነስቶ ስንት ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ተሰርዟል። በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸው ላይ ተስማምተው ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ገባ፣ ያውም ኮንዶሚኒየም ተገንብቶበት። በ2015 ደግሞ ቡራዩ ሱሉልታ ሰበታ ገላን ለገጣፎ ለገዳዲ ሌሎቹም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሰረተ። በአስር አመት ውስጥ መስመሩ ስንቴ ተነካ ማለት ነው። ከሰው ቤት ጋር የተሰመረ ወሰን ከተነሳ የእርሻ ማሳማ እንዴት አይነሳም?

ግን እውነቱን ለመናገር ወሳኙ ጥያቄው እንዴት ሆኖ ይቀርባል የሚለው ነው። የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን አይወጣም፣ መሀል ላይ ያለም አይወጣም፣ ዙሪያውን ከተማ ሆኖ መሀሉን ገጠር የሚያደርግልህ የለም። ጥያቄያችሁ ከከተማው ጫፍ ጀምሮ ከገጠሩ ወረዳ ጋር የሚነካካ አንድ ወጥ መሬት መሆን አለበት፣ ቢቻል ሙሉ ቀበሌ ወይ ሙሉ ጎጥ። በወንዝ ወይ በመንገድ ብትከልሉት ይመረጣል ምክንያቱም አዲሱ መስመር በአይን መታየት አለበት። የያንዳንዱ አባወራ የደብተር ኮፒ፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ግብር የከፈላችሁበት ደረሰኝ፣ ማሳው እየታረሰ እንደሆነ የሚያሳይ ፎቶ ከነቀኑ፣ እና መንገድ ውሃ መብራት እንዳልገባ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ አያይዙ። ከተማው በቅርብ ለአካባቢው በጀት የያዘለት ፕሮጀክት ካለ ግን እድላችሁ ጠባብ ነው። ያኔ መጠየቅ ያለባችሁ መውጣትን ሳይሆን ፕላኑ ውስጥ በከተማ ግብርና እንድትመደቡ ነው። እሱ ሽንፈት እንዳይመስላችሁ፣ ለአስር አመት እያረሳችሁ መቆየት ማለት ነው።

የጤፍ_ሀገር

ወንዶቹ ሁላችሁም ስለ ማሳ እያወራችሁ ነው፣ እኔ ስለ ግጦሹ ልናገር። በኛ በኩል ወደ ከተማ ስንገባ መጀመሪያ የሄደው የማንም ስም የሌለበት መሬት ነው። የወል ግጦሹ፣ ምንጩ ዙሪያ፣ ወጣቶቹ ሳር የሚያጭዱበት። ደብተር የወጣለት ማሳ ቢያንስ ባለቤቱ ይጮህለታል፣ የወሉን ግን "ባዶ መሬት" ብለው ነው የመዘገቡት፣ ባዶ አልነበረም፣ ላሞቻችን የሚበሉት ከዛ ነበር። ግጦሹ ሲሄድ ከብት ሸጥን፣ ከብት ስንሸጥ ፍግ ቀረ ወተት ቀረ በሬ ቀረ፣ ከዛ ማሳው ቢተርፍስ በምን ይታረሳል። ስለዚህ የመረሬ ልጅ አቤቱታችሁ ላይ የወል መሬቱን በስም እየጠራችሁ ከነድንበሩ ጻፉት፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ አስመስክሩ።

ሌላው የሴቶቹ ነገር። ደብተሩ የባልና የሚስት ነው፣ የሁለቱም ስም የሁለቱም ፎቶ አለበት፣ ግን ስብሰባ ሲጠራ የሚፈርመው ባል ብቻ ነው። እናቴ ስለ መሬቷ ምን እንደተወሰነ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ እነሱ ሳይፈርሙ የሄደ ወረቀት "ሁሉም አልተስማማም" ተብሎ ለመጣል ቀላል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሚስቶቹም ይፈርሙ፣ እባክህ ይሄን እንዳታልፈው።

ራሊ_ነዋሪ

ሰላም ወገኖቼ፣ ተወልጄ ያደኩት እዛው አዲስ አበባ ዳር ነው፣ አሁን አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ነኝ። እዚህ ይሄ ጉዳይ የተለመደ ነው፣ መሬት ወደ ከተማ ክልል ይገባል፣ አንዳንዴም ይወጣል። ድሮ ከተማው ነዋሪውን ሳይጠይቅ ማስገባት ይችል ነበር፣ ሰው አምርሮ ታግሎ በፈረንጆቹ 2012 ሕጉ ተቀየረና ከተማው በራሱ ተነሳሽነት ላስገባ ካለ የሚገቡት ሰዎች ድምጽ መስጠት አለባቸው። መውጣት ደግሞ በከተማው ምክር ቤት አያልቅም፣ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለዛ ቦታ ብቻ የሚሆን ሕግ ያወጣል፣ የመሬቱ ድንበር በዝርዝር ይጻፍበታል። ከወጣህ የከተማውን የንብረት ግብር መክፈል ታቆማለህ፣ የካውንቲውን ግን ትቀጥላለህ፣ ካውንቲ በላት እንደኛ ወረዳ ነው።

ልጽፍ የፈለኩት ግን ለሦስተኛው ጥያቄህ ነው፣ ሕጉ በራሱ ይመለሳል ወይ ላልከው። እዚህ ያንን አስበውበታል። መሬት ከከተማ ስልጣን ወደ ካውንቲ ሲመለስ የከተማው የግንባታና የመሬት አጠቃቀም ደንብ በዛው ቀን አይጠፋም፣ ካውንቲው የራሱን ደንብ እስኪያወጣለት ወይም 60 ቀን እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላል። ለምን? መሬቱ ለአንድ ቀን እንኳን ሕግ አልባ እንዳይሆን። በዛ ክፍተት የሚገባው ጉልበተኛ ነውና።

ልዩነቱን ግን እወቁት። እዚህ መሬቱ የግለሰቡ ነው፣ ወሰን ሲቀየር የሚቀየረው ግብሩና ምን መገንባት ትችላለህ የሚለው ነው፣ ባለቤትነቱ አይነካም። እኛ ጋ ወሰን ሲቀየር መሬቱን የያዝክበት መሰረት ራሱ ነው ጥያቄ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ የሽግግሩ ጉዳይ ለናንተ ከኛ አስር እጥፍ ይከብዳል፣ አሁን እየተሰቃያችሁ ያላችሁትም በሱ ነው፣ ስትገቡ ርክክቡ በደንብ አልተሰራም። ስትወጡም እንደዛው ከሆነ ሁለቴ ነው የምትጎዱት።

ችሎት_አካባቢ

ራሊ_ነዋሪ ያልከው ትልቅ ነጥብ ነው። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ሁሉ "ከከተማ አውጡን" ብሎ ያቆማል። ውሳኔው ቢመጣ እንኳን ወረዳው "ማህደር አልደረሰንም" ይላል፣ ከተማው "አስረክበናል" ይላል፣ እንደገና በሁለቱ መሀል ትቆማላችሁ። ስለዚህ ውሳኔው ራሱ ውስጥ እንዲካተት ጠይቁ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የገጠር መሬት ሕግ ይገዛናል፣ ማህደሩን ማን ለማን በስንት ጊዜ ያስረክባል፣ እስከዛ ድረስ ስጦታና ውርስ ብድርና የበረት እድሳት የሚያስተናግደው የትኛው ቢሮ ነው፣ እና በእጃችን ያለው ደብተር እንደጸና ይቆያል የሚል።

የመረሬ_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ የጤፍ_ሀገር እህቴ ስለ ግጦሹ ያልሽው ልቤን ነካው፣ እኛም ጋ የወል ግጦሽ አለ፣ ረቂቁ ላይ አንድ ቃል አልጻፍንለትም ነበር። ለአባቴም የስጦታውን ነገር አስረዳሁት፣ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ አልፈርምም ብሏል እስኪጣራ። ቱሉ_ዳር ያንተም ስጋት የብዙ ጎረቤቶቼ ስጋት ነው፣ አልናቅኩትም፣ ስብሰባው ላይ እንደ ሁለተኛ አማራጭ የከተማ ግብርናውን ይዘን እንቀርባለን።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ በመንደር ውል የሸጡት ጎረቤቶቻችን አብረውን መፈረም ይችላሉ? የነሱ ማሳ ጫፉ ላይ ነው ያለው፣ እነሱ ከሌሉ ካርታና_እርሳስ እንዳለው ከወረዳው ጋር አንነካካም።

ካርታና_እርሳስ

ደብተሩ አሁንም በስማቸው ከሆነ ይፈርሙ። ቤት ያልተሰራበትን ማሳ እየለያችሁ አሳዩ፣ ቤት የተሰራበትን አትደብቁ፣ ባለሙያ ወርዶ ሲያየው የሁላችሁም ቃል ነው የሚበላሸው። ከዛ በኩል ጠባብ ሆኖ የሚያገናኛችሁ መሬት ካለ እሱም ይበቃል፣ ስኬች ሰርተህ ብትልክልኝ አየዋለሁ።

ችሎት_አካባቢ

የመንደሩ ውል ራሱ በሕግ ፊት የሚጸና አይደለም፣ መሬት አይሸጥምና። ግን ገዢዎቹም ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው፣ ሳይሰሙ ቢያልፋቸው ነገ ተቃዋሚ ሆነው ይመጣሉ፣ በሽማግሌ ጥሯቸውና አነጋግሯቸው። አቤቱታውን ስታስገቡ ደግሞ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥርና ቀን ያለበት ማህተም ኮፒው ላይ ሳይመታላችሁ እንዳትወጡ።

የመረሬ_ልጅ

እሺ፣ ስኬቹን ዛሬ ማታ እልካለሁ። ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ሴቶቹንም እናቴ ቤት ለቤት እየዞረች እየጠራች ነው።